«እርስዎ» ያልኩሽ ቀን

ውድ አክስቴ አመተ ማርያም፣

ይህን የሚያነቡልሽ ቄስ ገብረ አምላክ ስለሆኑ አስቀድሜ እሳቸውን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ኑዛዜ በወረቀት ይላካል ወይ ብለው መቆጣታቸው አይቀርም። ፊትሽ ቆሜ ለመናገር ግን አፈርኩ።

እናቴ ሞታ ከወሰድሽኝ ጀምሮ «አንቺ» እንጂ ሌላ ብዬሽ አላውቅም። ያን ቀን ክሊኒኩ ውስጥ ግን «እማማ፣ እርስዎ በአማርኛ ይንገሩን» አልኩሽ። ሰው ቢሰማው አክብሮት ነው። ምን እንደነበር አንቺና እኔ እናውቃለን።

ነገሩ የጀመረው ሰቆጣ ነው። ኮሌጅ ስገባ አማርኛዬን እየሰሙ ይስቁብኝ ስለነበር ሁለት ዓመት ሙሉ ምላሴን ስገራ ከረምኩ። የእንስሳት ጤና ተማሪ ደግሞ ክሊኒክ ገብቶ ሁለት ወር ሳይለማመድ አይመረቅም፤ ሥራው እንደ ትምህርት ተቆጥሮ ክሬዲት ይያዝለታል። አበርገሌ ስመደብ፣ ወደ አንቺ ቀረብኩ ብዬ መደሰት ሲገባኝ ደነገጥኩ። የመጀመሪያው ቀን ኃላፊዬ አቶ ደግሰው «አማርኛሽ ጥርት ያለ ነው፤ የአካባቢውን ቋንቋ፣ ኽምጣናን፣ ትችያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «አልችልም» አልኳቸው። እንዲህ በቀላሉ ከአፌ ወጣ።

አንቺ ፍየልሽን እየጎተትሽ የመጣሽ ዕለት የሚያስተረጉመው ተስፋው ፈቃድ ላይ ነበር። ነጭ ጋወን ለብሼ ስታዪኝ ፊትሽ በራ። አቶ ደግሰው ፍየሏን አገላብጠው አዩና ትል ነው አሉ። ከዚያ «እርጉዝ ናት እንዴ?» ብለው ጠየቁሽ።

አንቺ ወደ እኔ ዞረሽ በኽምጣና መለስሽ። አውራው ከወጣባት ገና ወር አልሞላትም፣ የምትወልደው ለምርቃትሽ ነው አልሽኝ። አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።

«ምን አሉ?» አሉኝ አቶ ደግሰው።

«እኔ እንጃ፣ አልገባኝም» አልኩና ያን «እርስዎ» ያልኩሽን ነገር አስከተልኩ።

አየሽኝና የፍየሏን ገመድ አቀበልሽኝ። አቶ ደግሰው ሆዷን ዳሰስ አድርገው «ምንም የለም፣ የትል መድኃኒቱን ስጪያት» አሉኝ። መድኃኒቱ ገና ለፀነሰች ፍየል እንደማይሰጥ በፈተና ጽፌ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁ ልጅ፣ አፏን ፈልቅቄ በገዛ እጄ አስዋጥኳት። አንቺ ለእኔ ብለሽ ዋሸሽ፤ የማታውቂኝ መስለሽ፣ በተሰባበረ አማርኛ «እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» ብለሽ ወጣሽ።

ፍየሏ ፅንሷ እንደጨነገፈባት ጎረቤትሽ ካሤ ገበያ ላይ ነገረኝ። «አክስትሽ ለማንም እንዳትነግር ብላኛለች» አለኝ። አክስቴ፣ ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት የምዘናው ቅጽ ተሞላ። «ከአርቢዎች ጋር መግባባት» በሚለው ቦታ አቶ ደግሰው ሙሉ ነጥብ ሰጥተውኝ ከሥሩ እንዲህ ጻፉ፦ «ቋንቋውን ባታውቅም በትዕግሥት ታዳምጣለች።» ወረቀቱን ይዤ እስከ ሰቆጣ መጣሁ። መኪናው ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም።

ለኮሌጁ አላስረከብኩትም። በማግስቱ ወደ ክሊኒኩ ተመልሼ «ሴትዮዋ አክስቴ ናት፤ ያለችውንም ሰምቻለሁ» አልኳቸው። አቶ ደግሰው ወረቀቱን ተቀብለው የጻፉትን ደግመው አነበቡ። በኋላ «ስለ ቋንቋው መዋሸትሽስ ይሁን፤ መድኃኒቱን እያወቅሽ እንዴት ሰጠሻት?» አሉኝ።

ክሬዲቱ ተሰርዞብኛል። ጓደኞቼ ዘንድሮ ሲመረቁ እኔ ልምምዱን እደግማለሁ። ኮሌጅ ውስጥ ሌላ ወረዳ ይሻልሽ ይሆናል ብለውኝ ነበር፤ እዚያው አበርገሌ መልሱኝ አልኩ።

ከጥቅምት ጀምሮ እዚያ እሆናለሁ። ፍየሏን ይዘሽ ነይ፤ ልያት። በሩ ላይ ቆመሽ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በኽምጣና የልብሽን ያህል ተቆጪኝ። አቶ ደግሰው «ምን አሉ?» ሲሉኝ፣ አንዲት ቃል ሳላስቀር እተረጉምላቸዋለሁ።

የእህትሽ ልጅ፣
ምስራቅ