ምክንያቱ እስኪጣራ

ሰኞ፣ የካቲት 9

«ወንድም ሠርፀ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ባቀረቡት የጤና ማስረጃ ላይ በሽንትዎ ውስጥ ደም እንዳለ ተመልክተናል። ምክንያቱ እስኪጣራ ከእህት አባይነሽ ጋር የታሰበው ጋብቻ እንዲቆይ፣ እስከዚያም እንዳትገናኙ ወስነናል። ጌታ ይባርክዎ።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። በስልክ የመጣ ነው። ፊርማ የለውም። «ወስነናል» ያለው ማን ነው? የሽማግሎቹ ሰብሳቢ ማሙሽ ይመስለኛል። በስሙ ማሙሽ፣ በማዕረጉ ሽማግሌ...

ቀኑ እንደ ሌላው ቀን ነበር። ጁባ ዳር ወዳለው የድንጋይ ካባ፣ ጀበል ኩጁር ወጣሁ። አፈር የተቀላቀለበት ጠጠር የጫነ መኪና መለስኩ፣ ከሾፌሩ ጋር ተጨቃጨቅኩ። ምሳ ላይ ስልኬን ስከፍት ይህ።

ቤተ ክርስቲያናችን ያለ ጤና ማስረጃ አያጋባም። አልቃወምም። ግን ስመረመር ከወባ ገና መነሳቴ ነበር። ወባው እንዳያገረሽ የሚሰጠውን ኪኒን እየዋጥኩ ነበር። ሽንቴ ጥቁር ሻይ መስሎ ነበር። ሁሉንም ለላቦራቶሪው ሰው ነግሬዋለሁ። የጻፈው «ደም» ብቻ። ከየት? ለምን?

ኪኒኑን ከጨረስኩ ሰነበትኩ። ሽንቴ ግን አሁንም አልጠራም። ሰዎቹ በልባቸው የሚጠረጥሩትን በሽታ አውቀዋለሁ። በሃምሳ አራት ዓመቴ...

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

አባይነሽ ስልክ አላነሳችም። ቁርስም አልመጣም።

ከታመምኩ ጀምሮ አትላባራ ሰፈር ካለው ቁርስ ቤቷ በየጠዋቱ ፉል በምሳ ዕቃ አድርጋ በሞተረኛ ትልክልኝ ነበር። ቀጥላ ትደውላለች። «ብላ ኢንጂነር፣ ደም ይተካልሃል።» እስክጨርስ ስልኩን አትዘጋም ነበር።

ዛሬ ሞተር በሰማሁ ቁጥር በሩን ከፈትኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ሀይ ጀላባ ሰፈር ወዳጄ ረፊቅ ሱቅ ሄጄ ሚስማር ገዛሁ። ሚስማር አልፈለግሁም፤ የማወራው ሰው ነው የፈለግሁት። ረመዳን ገብቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ምላሱ ግን አልጾመም።

«ማሌሽ፣ አይዞህ ወንድሜ። እኛ እንኳ ጨረቃ አይተን እንፈታለን። የአንተ ሽማግሎች ምን አይተው ሊያስፈቱህ ነው?»

ሳልፈልግ አሳቀኝ። ከዚያ ቀልዱን ትቶ፣ እህቱን ያከመች አንዲት ሐኪም አለች አለኝ። የጁባ ልጅ ናት፣ አትቸኩልም፣ ጠይቃ አትጠግብም አለ። እንዲህ ያለ ሰው እወዳለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

በአትላባራ በኩል ዞርኩ። መንገዴ አልነበረም።

ከውስጥ ፉሉን በጠርሙስ ቂጥ ስትደፈጥጥ ተሰማኝ። እሷ መሆኗን በምን አወቅሁ? ሌላው ሰው ይቸኩላል። እሷ መታ መታ ታደርግና ታርፋለች... አጥሩ ጥግ ቆሜ አዳመጥኩ። የተማረ ሰው፣ መሐንዲስ፣ እንደ ሌባ።

ሽንቴ ጠርቷል። እንደ ውሃ። ምን ተለወጠ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ሐኪሟ ዘንድ ዋልኩ። የድሮውን የላቦራቶሪ ውጤት አየችና ሽንቱ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ነበር ወይ አለችኝ። አልታየም። ሽንት ውስጥ ተነክራ ቀለም የምትለውጠው የመመርመሪያ ወረቀት ብቻዋን ደምንና የደምን ቀለም አትለይም አለች። ደም ስሬ ውስጥ ቀይ ሴሎቹ ፈንድተው፣ ሄሞግሎቢኑ በኩላሊቴ በኩል ወርዶ ሊሆን ይችላል። ቁስል አይደለም፣ የሚተላለፍም አይደለም። ሴሎቹን የሚጠብቅ አንድ ኢንዛይም ሲያንስ የሚመጣ ነው። ሲወለዱ ጀምሮ።

የዋጥኩትን ጠየቀች። የኪኒኑን ስም ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። የበላሁትን ጠየቀች። ፉል አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ፉል ባቄላ ነው፤ ኢንዛይሙ ላነሰው ሰው ባቄላም እንደ ኪኒኑ ሴሎቹን ያፈነዳል። ኪኒኑ ጀመረው፣ ፉሉ አላስቆመው አለ። ደሜን መርምራ ኢንዛይሙ ማነሱን አረጋገጠች። ሁለቱንም ዳግመኛ እንዳልነካ አስጠነቀቀችኝ። ፉሉን ማን አስተወህ ስትለኝ ቤተ ክርስቲያን አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ከአባይነሽ መለየቴ ነው ያዳነኝ ማለት ነው? ማሙሽ ሳያውቅ ኩላሊቴን አተረፈ? ይህን መቀበል ከበሽታው ይብሳል።

እሑድ፣ የካቲት 22

የሽማግሎቹ ክፍል ገብቼ የሐኪሟን ማብራሪያ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። አንድ ቃል አልዘለልኩም።

ማሙሽ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «እንግዲያ ያሳመመችህ እህት አባይነሽ ናታ» አለ።

ሌሎቹ ሳቁ። በክፋት አይመስለኝም። እገዳው ተነሳ። የይቅርታ ቃል ግን የለም።

ስወጣ ወሬው ግቢው ውስጥ ቀድሞኛል። «የአባይነሽ ፉል ሰው ጣለ» እየተባለ ነው። እሷ ከወንበሯ ተነስታ፣ ወደ እኔ ዞር ሳትል ወጣች። ለምን ፉል የሚለውን አልዘለልኩም?

ሐሙስ፣ የካቲት 26

ቁርስ ቤቷ ገባሁ። ሰው አልነበረም። ወንበር አልሰጠችኝም።

«በእጄ ነበር የምገድልህ» አለች። «ያውም ብላ፣ ብላ እያልኩ።»

ኪኒኑ ቀድሞ እንደጀመረው፣ ማንም ሊያውቅ እንደማይችል፣ ለሌላው ሰው ፉል ምንም እንደማያደርግ አስረዳኋት።

«ስንት በመቶው የእኔ ነው ልትለኝ ነው?» አለች። «ሠርፄ፣ ይህ ቤት የቆመው በፉል ነው። ጠዋት ማታ እጄ ውስጥ ነው። እንዴት አድርጌ አብሬህ እኖራለሁ?»

«ላስብበት» አለች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ድስቱን ማማሰል ጀመረች። አንድ ሳህን ቀርቶ አንድ ማንኪያ ፉል ብትሰጠኝ እበላ ነበር። እውነት እበላ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 28

ጠዋት ለሽማግሎቹ ይቅርታ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጀመርኩ፤ እነሱ እንዲጠይቁኝ ማለቴ ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ ተውኩት። ከማሙሽ ምን ቀረኝ? የጎደለብኝ የእሷ ድምፅ ነው። ወረቀቱን ቀይሬ ይህን ጻፍኩ፤ ነገ ረፊቅ ይወስድልኛል።

«አባይነሽ፣ ፉልሽን አልበላም። አንቺ ግን ሽጪው፤ ቤቱ ይቁም። ለእኔ ሌላ ድስት ይኑር፣ ከፈለግሽ እኔው አበስላለሁ፣ አታምኚኝም እንጂ። ሽንቴ ጠርቷል፣ የዓይኔ ቢጫነት ለቋል፣ እንቅልፍ ግን የለኝም። ሽማግሎቹ ፊት ራሴን ለማዳን የእንጀራሽን ስም ሰው ፊት አነሳሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። መልስሽን በጽሑፍ እፈልጋለሁ፤ በስልክ አይሆንም፣ በሰው አይሆንም። እሺ ከሆነ አንድ ቃል ይበቃል። እንቢ ከሆነ ግን ምክንያቱ በዝርዝር ይጻፍልኝ። የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ፣ መጋቢት 5 ነው። ሠርፀ።»