በሠርጋቸው ቀን እስክስታ ያልወረዱት የአቶ ፈንታሁን ቀለመወርቅ የሕይወት ታሪክ

አባታችን አቶ ፈንታሁን ቀለመወርቅ ከአባታቸው ከመሪጌታ ቀለመወርቅ ሙላቴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውዴ ካሳሁን በ1912 ዓ.ም. ከገሳይ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ተወለዱ። ወሩንና ቀኑን ስንጠይቃቸው «ገብስ ሲታጨድ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ ስላልሰጡን፣ እኛም ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልንም። ከአባታቸው ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል። መሪጌታ ልጃቸው እንዲቀድሱላቸው ቢመኙም የልጃቸው ልብ ማሲንቆ ወዳለበት ያደላ ነበር። ከገሳይ እስከ እብናት አንድም ሠርግ አምልጧቸው አያውቅም ይባላል።

ጣሊያን ደብረ ታቦርን ከያዘ በኋላ በ1930 ዓ.ም. በጦሩ የነዳጅ ግቢ በቀን ሠራተኝነት ገብተው የቤንዚን በርሜል ማንከባለል ጀመሩ። በ1931 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በዚያው ግቢ በር ላይ በጠላት ዘበኞች ፊት እስክስታ ሲወርዱ ታዩ። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ቆሞ አያቸው። ባንዳ ብሎ የሰደባቸው አልጠፋም፤ ብዙውን ሰው ያስቆጣው ግን በሁዳዴ መጨፈራቸው ነው።

ጠላት ከተባረረ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ በአንድ የነዳጅ ኩባንያ ዴፖ በበርሜል ጫኝነት ተቀጠሩ። በኋላም የዴፖው ተቆጣጣሪ ሆነው በድምሩ ሠላሳ ሦስት ዓመት አገልግለው በ1967 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ።

በጥር ወር 1936 ዓ.ም. ከወይዘሮ እቴነሽ ደሳለኝ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። የዚያ ሠርግ ነገር በቤታችን ሃምሳ ዓመት ሙሉ አልበረደም። አገር ያወቃቸው ጨፋሪ በገዛ ዳሳቸው እጃቸውን ጭናቸው ሥር አድርገው ተቀመጡ። አዝማሪው ስማቸውን እየጠራ ቢያወድሳቸው፣ ሚዜዎቻቸው ብብታቸውን ይዘው ሊያነሷቸው ቢታገሉ፣ ንቅንቅ አላሉም። የሙሽራዪቱ ዘመዶች «ልጃችንን አልፈለጋትም» ብለው ደመደሙ። የእናታችን ወንድም አቶ አያሌው ደሳለኝ ዳሱን ጥለው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችንን ረግጠው አያውቁም። እናታችንም «ተገደው ነው ያገቡኝ» የሚል ሐዘን ይዘው ኖሩ።

ይባስ ብሎ ከ1938 ዓ.ም. ትንሣኤ ጀምሮ ጭፈራው ተመለሰ። የጎረቤት ሠርግ ቢሆን፣ ጥምቀት ቢሆን፣ ፊት ቀዳሚው እርሳቸው ነበሩ። እናታችን «ለሰው ሠርግ ትከሻ አለዎት፤ ለእኔ ጊዜ ምነው ጠፋ?» ብለው በጠየቁ ቁጥር መልሳቸው «ሆድ ይፍጀው» ነበር። እኛ ልጆቻቸው ይህን ቃል መስማት አንገሽግሾናል።

በዚህ ዓመት በግንቦት ወር በኩላሊት ሕመም አልጋ ያዙ። የንስሐ አባታቸው ሚስትን ሃምሳ ዓመት ማሳዘንም ኃጢአት እንደሆነ በነገሯቸው ጊዜ፣ በመጨረሻ ለእናታችን ተናገሩ። በዚያ በ1931ዱ ጾም በነዳጁ ግቢ በር የጨፈሩት ዘበኞቹን ለማዘናጋት ነበር። ዘበኞቹ እርሳቸውን ሲያዩ በመጋዘኑ የታሰሩ ስድስት ገበሬዎች በበርሜሎቹ መሃል አልፈው አመለጡ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ በኮራን ነበር። እርሳቸው ግን ለያኔው የንስሐ አባታቸው ለአባ ገብረየሱስ አንድ ነገር ጨምረው ተናዘዙ፤ እስረኞቹ ካመለጡ በኋላም ጭፈራው ስለጣማቸው ፀሐይ እስክትጠልቅ አላቆሙም። አባ ገብረየሱስ ስለ እስረኞቹ መረቋቸው፤ በጾም ስለጣማቸው ጭፈራ ግን ሰባት ዓመት እስክስታ እንዳይወርዱ ቀኖና ሰጧቸው። አባታችንም ቀኖናውን ማውራት እስረኞቹን ማስመለጥንም ማውራት ስለሆነ፣ ምስጋና መፈለግ ነው ብለው በሆዳቸው ያዙት። አርበኞች ሲመዘገቡም አልሄዱም። ይህን ስንሰማ ደስ ሊለን ይገባ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ተናደድን።

እናታችን «ታዲያ ቀኖናዎ እስኪያልቅ ሠርጉን ሁለት ዓመት አያቆዩትም ነበር?» ብለው ጠየቋቸው። አባታችንም «አንቺን ማን ያቆይልኛል? ሌላ ይወስድሽ የለም ወይ» አሉ። እናታችን ሁለት ቀን አላናገሯቸውም። በሦስተኛው ቀን ገብተው ራስጌያቸው ተቀመጡ፤ እስከ ፍጻሜያቸውም ከዚያ አልተነሡም።

አባታችን ሰኔ 8 ቀን 1986 ዓ.ም. በተወለዱ በ74 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ልጆቻቸውን ውብአለምን፣ ሞላንና ፈንታነሽን፣ እንዲሁም ሰባት የልጅ ልጆችን ትተዋል። ስለ ባለቤታቸው በረቂቁ ላይ «በሕግ ያገቧቸው» ብለን ጽፈን ነበር። እናታችን ይህን አሰርዘው፣ ወንድማቸው አቶ አያሌው ዛሬ ከቀብሩ ስለማይቀሩ፣ እርሳቸው በተገኙበት ድምፅ ከፍ ተደርጎ እንደሚከተለው እንዲነበብ አዘዋል፦ ወደው ያገቧቸውን ባለቤታቸውን ወይዘሮ እቴነሽ ደሳለኝን ትተዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች ጋር ያሳርፍልን፤ ለእናታችንም መጽናናቱን ይስጥልን። አሜን።