ሱቅዎን በታሸገ ሳንቲም አይለውጡ

ይድረስ በመርፌና በክር አሳድገው ለዚህ ላበቁኝ ለአባዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ጉልበትዎን የሚጠዘጥዝዎት ነገር ተወዎት ወይስ ዛሬም የስፌት መኪናውን ፔዳል በአንድ እግርዎ ነው የሚረግጡት? እማዬስ ደህና ናት? የደም ግፊቷን ትለካለች ወይስ እንደ ልማዷ «ምንም አልሆንኩም» እያለች ታልፈዋለች? ቤቱስ፣ ጎረቤቱስ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ አካሌ ጤነኛ ነው፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። የቀረውን ቀስ ብዬ እነግርዎታለሁ።

ደብዳቤዎ ከሳንቲሞቹ ፎቶ ጋር ደርሶኛል። ያ የጻፉልኝ ሰውዬ እርስዎ ዘንድ ያስቀመጣቸውን ሦስት የታሸጉ የጥንት ሳንቲሞች ሊሰጥዎ፣ እርስዎ ደግሞ የልብስ ስፌት ሱቅዎን ከነመኪናዎቹ ሊያስረክቡት መስማማትዎን ሳነብ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ከመፈረምዎ በፊት እኔን መጠየቅዎ ግን ትልቅ ነገር ነው። እንዳይጨነቁ መልሴን ላስቀድም፦ አባዬ፣ ሱቁን አይስጡ።

እንደሚያውቁት የምሠራው የጥንት ሳንቲም የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ዘንድ ነው፤ ወለሉን እያጸዳሁ ንግዱን አይቼ ተምሬዋለሁ። እንዲህ ያሉትን ሳንቲሞች አንድ ድርጅት መርምሮ ደረጃ ያወጣላቸዋል፤ ከዚያ ደረጃውን በቁጥር ጽፎ በጠራ ፕላስቲክ ያሽጋቸዋል። ሰው ቁጥሩ ከፍ ያለ እንደሆነ ሀብት ያገኘ ይመስለዋል። ቁጥሩ ግን ሳንቲሙ ምን ያህል ሳይጎዳ እንደቆየ ነው እንጂ ስንት እንደሚያወጣ አይናገርም። በመጀመሪያው ሳንቲምዎ ማሸጊያ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ድርጅቱ ዘንድ ባጣራው የሌላ ሳንቲም ሆኖ ተገኘ፤ ማሸጊያው የውሸት ነው። ሁለተኛው እውነተኛ ነው፣ ደረጃውም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ያንኑ ደረጃ የያዘ እንደሱ ያለ በየሱቁ ሞልቷል። ሦስተኛው ከሁሉም ይሻላል። ሆኖም ሰውዬው የጻፈልዎት ዋጋ ሻጮች የሚጠሩት ነው። መጠየቅ ያለበት እንዲህ ያለው ሳንቲም በቅርቡ በስንት ተሸጠ ተብሎ ነው። እሱን አይቻለሁ፤ ሁለቱ ተደምረው የአንዷን መኪናዎን ዋጋ አይሞሉም።

ይህን ብቻ ጽፌ ብተው «ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች» ብለው ይፈርማሉ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ እዚህ የሆነውን ልንገርዎ።

የሱቁን ባለቤት እኛ ሠራተኞቹ «ለስላሳው» እንለዋለን። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ሰው ሲጎዳ እንኳ እንደሚያባብል ሆኖ ነው። ከወር በፊት አንድ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ገቡ። ሳንቲማቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል። የገዙት ከዚያው ከለስላሳው ነበር። ሚስታቸው ዓይናቸውን ሊታከሙ ነውና መልሶ እንዲገዛቸው ጠየቁ። ለስላሳው በማጉያው ለአፍታ አየና ከፍለውት ከነበረው ሩቡን ጠራላቸው። ሽማግሌው በትክክል የሰሙ አልመሰላቸውም። «ሲሸጡልኝ ዓመት በቆየ ቁጥር ይጨምራል ብለውኝ ነበር እኮ» አሉት። እሱም ማጉያውን እያጸዳ «ያኔ ሻጭ ነበርኩ፤ ዛሬ ገዢ ነኝ» አላቸው። ሱቁ ውስጥ የነበሩ ሁለት ደንበኞች ሳቁ። ሽማግሌውም አብረው ለመሳቅ ሞከሩ። አባዬ፣ ያ ሙከራቸው አንጀቴን በላው።

ቆሻሻ የምደፋ መስዬ ተከትያቸው ወጣሁ። ሳንቲምዎ ጥሩ ነው፣ ገጹ አልተፈተገም፣ ልክ እንደሱ ያለው ባለፈው ጨረታ የጠራልዎትን አራት እጥፍ አውጥቷል አልኳቸው። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ወዳለው ሌላ ነጋዴ እንዲሄዱም ነገርኳቸው። መረቁኝ፤ ልጄ፣ ከክፉ ይጠብቅሽ አሉኝ።

በማግስቱ ወደዚያ ነጋዴ አልሄዱም። ተመልሰው እኛው ጋ መጡና ሱቁ መሀል ቆመው በጣታቸው እኔን አሳዩ። ዋጋውን ይቺ ልጅ ነግራኛለች፣ ከዚህ በታች አልቀበልም አሉ። ለስላሳው አልተቆጣም። ከሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለውን ጠራላቸው፣ እሳቸውም ሩቅ መሄዱን ጠልተው ይሁን ወይ ቸኩለው ተስማሙ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ሽርጤን እንዳወልቅ አዘዘኝ። እዚያው እፊታቸው ነው ያወለቅኩት። ሽማግሌው ቀና ብለው አላዩኝም። ስወጣ በሩ ላይ ደረሱብኝና «ልጄ፣ ምን ላድርግ፣ ሚስቴ ናት» ብለውኝ አለፉ። ልቀየማቸው ፈልጌ አቃተኝ። አለመቀየምም አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ፍለጋ ያልገባሁበት በር የለም። አከራዬ መጀመሪያ ሰላምታ ነፈገችኝ፤ አንድ ቀን ደግሞ ስመለስ ፍራሼን ደረጃው ላይ ተጥሎ አገኘሁት። ዝናብ መትቶት ነበር። ያን ያህል ከወረድኩ ወዲያ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ወደ ለስላሳው ሄድኩ። ሱቁ እስኪዘጋ ደጅ አቁሞኝ ዋለ። ደንበኛ በገባ በወጣ ቁጥር በመስታወቱ ያየኛል፤ አንዴም ውሃ እየጠጣ ፈገግ አለልኝ። ማምሻውን አስገባኝና በፊት ከማገኘው አሳንሶ መልሶ ቀጠረኝ፤ ከሱቁ ጀርባም ማደሪያ ሰጠኝ። ወለል ማጽዳቱ ቀርቶልኛል፤ ከእንግዲህ ሊሸጡ የሚመጡትን የማስተናግደው፣ ዝቅተኛውን ዋጋ የምነግራቸው እኔ ነኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው «ፊትሽ የደግ ሰው ነው፤ ያምኑሻል» አለኝ።

እውነቱን ነው። ያምኑኛል።

ትናንት አንዲት እናት የሞተ ልጇ ይሰበስባቸው ከነበሩት አንዱን ይዛ መጣች። በጣም የሚፈለግ ሳንቲም ነው፤ ገና ሳየው አውቄዋለሁ። ለስላሳው ከመጋረጃው ኋላ ይሰማል። የታዘዝኩትን ዋጋ ነገርኳት። ሳንቲሙን አገላብጣ አየችውና «ልጄ፣ አንቺ ብትሆኚ ትሸጪዋለሽ?» አለችኝ። እሸጠዋለሁ አልኳት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሳንቲሙን ሸጣ ስትወጣ ጉንጬን ሳመችኝ።

አባዬ፣ ሰውዬው ሻይ ይጋብዘኛል፣ አባቴ ይለኛል፣ ሲያዩት የዋህ ነው ብለው ጽፈውልኛል። ይሆናል። ምናልባት እሱም ኪራይ አለበት፣ ምናልባት እሱንም መጋረጃ ኋላ ሆኖ የሚሰማው ሰው አለ። የሱን ፊት ይተዉትና ሳንቲሞቹን ይመልሱለት። ቢያለቅስም ይመልሱለት። ነገ መኪናዎ ላይ ተቀምጠው ሥራዎን እየሠሩ ከሆነ ለኔ ይበቃኛል።

እማዬን እቅፍ አድርገው ይሳሙልኝ። ወንድም ጋሼን፣ ባለቤቱንና ያቺን ጥርስ የምታበቅል ልጃቸውን በያሉበት ሰላም ይበሉልኝ። አክስቴን ስላልጻፍኩላት እንዳትቀየመኝ ይንገሩልኝ። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊውም ሰላምታዬ ይድረሰው። ደብዳቤውን ለእማዬ ሲያነቡላት ስለዚያች እናት የጻፍኩትን ይዝለሉት። እማዬ ልጄ ደግ ናት እያለች ነው ለሰው የምታወራው።

ልጅዎ

ከሱቁ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ሰኔ 9 ቀን 2014 ዓ.ም.