የሙሽራዋ በርጩማ

ኦገስት 24፣ ሪሽቶን

በርጩማው መጣ! ሸርዞድ፣ በርጩማው መጣልህ! የሙሽራው እናት እትዬ ዜቢኒሶ ራሳቸው ከመኪና አውርደው፣ ራሳቸው ተሸክመው አስገቡት! ሠርጉ አለ! እህትህ ታገባለች፤ ሁሉንም እያወቁ፣ አንዲት ነገር ሳንደብቅ ታገባለች! በል አሁን ሰላምታዬን ልጀምር።

የኔ ዓለም፣ የቤቴ ምሰሶ፣ እንዴት ነህ? አልማቲ እንዴት ይዞሃል? የምትገነቡት ፎቅ ላይ ስትወጣ የደህንነት ቀበቶህን ታስራለህ ወይስ አሁንም ያው ነህ? ብደውል እንደማታነሳ አውቃለሁ። ብታነሳም «ሥራ ላይ ነኝ እማ» ብለህ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ጎረቤታችን ጦሊብ በጭነት መኪናው ወደ እናንተ ሲያልፍ ይህን እንዲያደርስልኝ ሰጠሁት። ደብዳቤ አይዘጋም። ቀደህ ትጥለው ይሆናል ብዬም ዋና ዋናውን ጦሊብን በቃሉ አስጠንቼዋለሁ፤ ስለዚህ ብታነበው ይሻልሃል፤ የጦሊብን አነጋገር ታውቀዋለህ፣ እስኪጨርስልህ በረዶ ይጥላል።

ከየት ልጀምር? አንተ በሩን በላዬ ዘግተህ ከሄድክበት ልጀምር። የእህትህ የዱርዶና የእጮኝነት ዳቦ በተቆረሰ ማግስት ነበር። «እማ፣ ሕመሟን ሳትነግሪያቸው ዳቦ አስቆረስሽ። በሠርጉ ማግስት፣ በሙሽራ ሰላምታው ዕለት፣ መቶ ሴት ፊት ስትወድቅ ምን ልትይ ነው?» አልከኝ። እኔ ደግሞ የሴት ጉዳይ አያገባህም፣ የእህትህን ዕድል አትዝጋ አልኩህ። ሌላም ያልኩህ አለ፤ እሱን ወረቀት ላይ አላሰፍረውም።

ከዚያ ምን ሆነ መሰለህ። በዚህ ወር አሥራ ሦስት እትዬ ዜቢኒሶ ለሙሽራዋ ቀሚስ ልክ ሊወስዱና ቀን ሊቆርጡ መጡ። ሙቀቱ አርባ ዲግሪ ነው፤ የወይኑ ጥላ ስር እንኳ አየሩ ይፋጃል። እኔ ብልጧ ቀደም ብዬ ዱርዶናን አስጠንቅቄያታለሁ፦

«ፊታቸው እንዳትቀመጪ። እንግዳ እያለ የምትቀመጥ ሙሽራ ሰነፍ ነው የምትባለው።»

«እማ፣ በዚህ ሙቀት?»

«ሁለት ሰዓት ነው። ጥርስሽን ነክሰሽ ቻይው።»

ጥርስ ደም ይይዝ ይመስል! አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። አንተ ታሽከንት ሐኪም ጋ ወስደሃት ስትመለስ ደጋግመህ አስረድተኸኝ ነበር፤ በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። አሁን ግን እንደ ጸሎት በቃሌ ነው የያዝኩት። ሳናዘው ሌት ተቀን በራሱ የሚሠራ ነርቭ አለን፤ ልብን አፍጥን፣ ደም ስርን አጥብቅ እያለ የሚያዝዘው እሱ ነው። የእሷ ነርቭ ብድግ ስትል ትእዛዙን ያዛባባታል፤ ደሟ ወደ እግሯ ይወርዳል፣ ልቧ ያንን ለመመለስ ይሮጣል። ተኝታ ሰባ ሁለት የመታው ልብ ስትቆም መቶ ሠላሳ ይመታል። አይገድልም፤ ግን ቶሎም አይሄድም፤ አውቀውት አብረውት ይኖራሉ። ይኸውልህ፣ ገባኝ። ስድስት ዓመት ፈጀብኝ እንጂ ገባኝ።

ልጅቷ ግን እንደኔ አይደለችም፣ ተዘጋጅታለች። ከንጋት ጀምራ ሐኪሟ ባዘዘችላት ልክ ጨው የገባበት ውኃዋን ጠጥታለች፤ ያንን እስከ ጭን የሚደርስ ጨምቆ የሚይዝ ካልሲ ከቀሚሷ ስር ከምትለብሰው ሱሪ ውስጥ አድርጋለች። ዳቦ አመጣች፣ ፍራፍሬ አመጣች፣ ሻይ አመጣች፣ ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና። እትዬ ዜቢኒሶ መደቡ ላይ ትራስ ተደግፈው ያወራሉ፦ «በእኛ ቤት የሙሽራ ሰላምታ እንደ ዘንድሮ ልጆች አምስት ደቂቃ አይደለም። ለእያንዳንዱ እንግዳ ሦስት ጊዜ ዝቅ ትላለች፤ ከጠዋት እስከ ቀትር ቆማ። መቶ ሃያ ሰው ጠርቻለሁ።»

መቶ ሃያ ሲባዛ በሦስት እያልኩ በልቤ ሳሰላ፣ ዱርዶና የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ግቢው መሐል ቆም አለች። ፊቷ ወረቀት መሰለ። ከዚያ ልጄ ምን አደረገች? ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠች፤ ጠብ አላለም። ቁጭ አለች። ጋደም አለች። ሁለት እግሯን አንስታ መደቡ ጫፍ ላይ ሰቀለችው! ወደ እንግዳዋ! ወደ ማዕዱ! ካልሲው ሳይቀር ወለል ብሎ እየታየ! ሸርዞድ፣ እኔ በዚያች ደቂቃ ሞቼ ተቀብሬ ነበር።

«የጆሮ ጌጧ ወድቆባት ነው!» አልኩ እየጮህኩ። «የጆሮ ጌጧን እየፈለገች ነው እትዬ!»

ከመሬት ድምፅ መጣ፦ «እማ፣ የጆሮ ጌጤ ጆሮዬ ላይ ነው።»

ከዚያ እዚያው በጀርባዋ እንደተኛች፣ ሰማይ ሰማዩን እያየች፣ ሱቅ ሄዳ ሳሙና እንደምትጠይቅ ሰው ተረጋግታ፦ «እትዬ ዜቢኒሶ፣ እግሬ ወደ እርስዎ ስለዞረ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሳልወድቅ በፊት የምተኛበት ሕመም አለብኝ። ሦስት ደቂቃ ይስጡኝና ተነስቼ ሁሉንም እነግርዎታለሁ» አለች።

ተነሳችም። መጀመሪያ ቁጭ፣ እግሯን እያፍታታች፣ ከዚያ መደቡን ይዛ፣ ቀስ ብላ። ነገረቻቸውም። አንድም አላስቀረች። ሲሞቅ እንደሚብስባት፣ ደህናም ክፉም ቀን እንዳላት፣ የሸክላ ሳህን ሥዕል ሥራዋን ቁጭ ብላ ስለምትሠራ ቀኑን ሙሉ እንደምትችለው፣ ቤት መያዝም ልጅ መውለድም በሐኪም ምክር እንደማይከለክላት። እትዬ ዜቢኒሶ እስክትጨርስ አላቋረጧትም። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ።

«ሆስያት፣ ዳቦውን ስንቆርስ ይህን ታውቂ ነበር?»

ምን ልበል? «ሻይ ልጨምርልዎ?» አልኩ። ሻርፓቸውን አስተካክለው ወጡ። ለቤታቸው ያሰርኩላቸውን የምግብ ጥቅል እንኳ ሳይዙ! እንግዳ ጥቅሉን ትቶ ከሄደ ተቀይሞ መሄዱ እንደሆነ ላንተ አልነግርህም።

አሥር ቀን። አሥር ቀን ሙሉ ድምፅ የለም። «ሠርጉን አፈረስሽው!» አልኳት። «ሦስት መቶ ስድሳ ጊዜ ጎንበስ ስል ብወድቅስ አይፈርስም ነበር ወይ?» አለችኝ። «በሰው ፊት ወደቅሽ እኮ!» ስላት ብሩሿን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ፦

«እማ፣ አልወደቅኩም። ተኛሁ። መውደቅ ሌላ ነው፣ መተኛት ሌላ ነው።»

እኔ እህል አልዋጥ ብሎኛል፤ እሷ ጠዋት ጠዋት ልቧን ለማሠልጠን በጀርባዋ ተኝታ እግሯን አየር ላይ እንደ ብስክሌት ታሽከረክራለች። ስትጀምረው አምስት ደቂቃ የማይሞላው ዛሬ ግማሽ ሰዓት ደርሷል፤ የጎረቤት ዶሮዎች አጥር ላይ ቆመው ያዩዋታል። «አንቺ በዚህ ጭንቅ ውስጥ እንዴት ይበላልሻል?» ብላት «በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ስድስት ጊዜ» አለችኝ። ሐኪሟ እንደዚያ ነዋ ያዘዘቻት! ተናድጄ ነው የሳቅኩት።

እና ትናንት ከሰዓት በፊት መኪና ቆመ። ከፍቼ ሳይ እትዬ ዜቢኒሶ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አቅፈው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ መደቡ ላይ አኖሩትና ገለጡት። ከዋልነት እንጨት የተሠራ ረጅም በርጩማ፣ ወገብ የሚደርስ፣ ለእግር መርገጫ ያለው፣ ዙሪያውን የሮማን አበባ የተቀረጸበት። ሲቀመጡበት ከሩቅ የቆመ ሰው ያስመስላል፤ ክብደቱ ግን በእግር ላይ አይደለም።

«ተናድጄ ነበር» አሉኝ። «በልጅቷ አይደለም። ባንቺ ነው። አፍሽን ዘግተሽ ዳቦ አስቆረስሽኝ።»

«እትዬ፣ እኔ…»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ቤቴ ገብቼ ለልጄ እንዲህ ያለ ነገር ሸሽገውናል ስለው ሙሮድ ምን አለኝ? ‹አውቃለሁ። በብርዱ ወራት ነግራኛለች። አንቺ እንዳትቆጪ ፈርቼ ነው› ብሎ መጋዘኑን ከፍቶ ይህን በእንጨት ፍቅፋቂ ክምር ስር አሳየኝ። ከሜይ ጀምሮ ነው የሚቀርጸው! እኔ በእናትነቴ ፍቅፋቂውን እየጠረግኩለት! ስለዚህ አንቺም ሸሸግሽኝ፣ ልጄም ሸሸገኝ፤ እውነቱን የነገረችኝ አንዷ መሬት ተኝታ እግሯን የሰቀለችብኝ ናት። ታዲያ ማንን ልመን?»

ዱርዶና ልትነሳላቸው ስትል «ቁጭ በይ!» ብለው ጮኹባት። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ስገባ ብትነሺ ነው የምቀየመው።»

እኔ ነገሩን ላሳምር ብዬ፣ ያንን ትልቁን ጥልፍ ጨርቄን አምጥቼ፣ «በቀሚሷና በዚህ ብንሸፍነው ማንም አያየውም፤ ቆማ ነው የሚመስላቸው» አልኩ። ሁለቱም እኩል ዞረው አዩኝ።

«እማ፣ አሁንም?» አለች እህትህ።

«ልጄ ሦስት ወር የቀረጸውን ሮማን በጨርቅ ልትሸፍኚ ነው?» አሉ እትዬ ዜቢኒሶ። «ይታይ! ይጠይቁ! የጠየቀችኝን ‹የእኔ ምራት ልቧን ማሠልጠን ችላለች፣ አንቺ ምላስሽን አሠልጥኚ› ነው የምላት።»

እንዲህ ወሰንን፦ በዚህ ሙቀት ሳይሆን በመከር። ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ። እሷ ከበርጩማው ላይ ሆና በአንገቷና በእጇ ሰላምታ ትሰጣለች፤ እንግዶቹ በአሥር በአሥር እየሆኑ ወደ እሷ ይመጣሉ። ጎኗ ጨው ያለው ቀዝቃዛ የእርጎ መጠጥ፣ አይራን፣ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ይቀመጣል። ደከመኝ ካለች መጋረጃ ጀርባ ትራስና እግር መስቀያ ይኖራል፣ ሰላምታውም ይጠብቃታል። እትዬ ዜቢኒሶ ሲወጡ ጥቅሉን ራሳቸው ጠይቀው ወሰዱ። «ያለፈውንም ጨምሪልኝ» አሉ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርህ። ሳይሄዱ በፊት በርጩማውን ልሞክረው ብዬ ወጣሁበት። አቤት ሲመች! «ላንቺ ነው እንዴ የተሠራው?» አሉኝ። እኔም እንደ ቀልድ የራሴን የሙሽራ ሰላምታ አጫወትኳቸው፤ አሥራ አንደኛው እንግዳ ላይ ስደርስ ዘጭ ብዬ ሻርፔ የሾርባ ድስት ውስጥ የገባውን። አያትህ ነፍሷን ይማረውና እስክትሞት ድረስ «ቁጭ ባይዋ ምራቴ» ነበር የምትለኝ፤ ልብስ ሳጥብም፣ ድስት ሳማስልም ቁጭ ስለምል። ሁላችንም ሳቅን። ዱርዶና ብቻ አልሳቀችም። አጠገቤ መጥታ የእጄን አንጓ ያዘች። አስተኝታ ቆጠረች። አስቁማ ቆጠረች። የሐኪሟን ስልክ ቁጥር ጽፋ መስተዋቱ ላይ ለጠፈችው።

«ሠርግ ደርሶ እኔ ለዚህ ጊዜ የለኝም» አልኳት።

«ከሠርጉ በኋላ ባለው ማክሰኞ ጊዜ አለሽ፤ እኔ ነኝ የምወስድሽ» አለችኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ደስታ ነው ልብ የሚያስሮጠው። ይህን ደብዳቤ ጋደም ብዬ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ መጻፌም ስለሚመች ብቻ ነው። ጨው ያለውን ውኃም ብቻዋን እንዳትጠጣ ብዬ ነው አብሬያት የምጠጣው።

ሸርዞድዬ፣ አባትህ የለም። እህትህን እጇን ይዞ ከዚህ ቤት የሚያወጣት ካንተ ሌላ ማን አለ? ስታስነሳት አትጎትታት። መጀመሪያ ጫፍ ላይ ትቀመጥ፣ እግሯን ታፍታታ፣ ከዚያ ስትነግርህ ብቻ። ይህን አንተ ነህ ያስተማርከኝ፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁህ። ቀሪውን ስትመጣ ፊት ለፊት እነግርሃለሁ፤ ከንፈሬ ላይ ተዘጋጅቷል።

እጅህ የነካው ሁሉ ይጽና፤ የምትወጣበት ፎቅ በሰላም ያውርድህ፤ አላህ መንገድህን ያብራልህ፤ ቁጣህንም እንደ ጤዛ ያርግፍልህ።

የምትወድህ እናትህ፣ ቁጭ ባይዋ ሆስያት

ሠርጉ ቅዳሜ ኦክቶበር 11 ነው፤ የሙሽራ ሰላምታው እሁድ ኦክቶበር 12፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። አብረውህ የሚሠሩትንም አስከትል፣ ጦሊብም ይምጣ፣ ማንም እንዳይቀር። እሁድ፣ ኦክቶበር 12!