ቀለም ለብሼ ሽንፋ ገባሁ

ሽንፋ፣ መስከረም 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ ለመቅዲ
ካይሮ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እናትሽ፣ ምስጋና ለእመቤቴ ይሁንና፣ ከነነፍሴ አገሬ ገብቻለሁ። ይኸው ከአያትሽ ደጃፍ ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ። እዚህ ኔትወርክ ከጠፋ ቆየ። ኸሊፋ የሚባል የመተማ ነጋዴ ይህን ደብዳቤ አዲስ አበባ ሲደርስ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ቁጥርሽን እንደሆነ እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤዋለሁ።

ጦርነቱን ሸሽቼ ከካርቱም ስወጣ የለበስኩት ያንን ሻይ ስሸጥ የምለብሰውን አመድማ ቀሚስ ነበር። አዎ፣ «እማዬ፣ ይህን ነገር መቼ ነው የምትጥይው?» የምትይኝን። ሻንጣዬን መንገድ ላይ ቀሙኝ። በእግሬ ድንበሩን ተሻግሬ መተማ ዮሐንስ ስገባ፣ ያለኝ ቀሚሱና ሸበጤ ብቻ ነበሩ።

የኸሊፋ ሚስት ዘሀቢያ ከጨርቅ ሱቋ በር ላይ ተቀምጬ አየችኝ። ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ አላለችም። ውኃ ሰጠችኝ፣ እግሬን አስታጠበችኝ፣ «ግቢ፣ ቤቱ ሰፊ ነው» አለችኝ። ቤቱ ሰፊ አልነበረም፣ መቅዲ። ከልጆቿ ጋር ተደራርበን ነው የከረምነው። አላህ ይስጣት፤ በእሷው አነጋገር ልመርቃት።

ሽንፋ ቅርብ ነው፣ ለምን ቶሎ አልሄድሽም ትዪኝ ይሆናል። መንገዱ ጭቃ ነው አልኩ። ዝናቡ አባራ፣ መንገዱም ደረቀ፣ እኔ ግን ዛሬ ነገ እላለሁ። አፍሬ ነው። ሃያ ዓመት ሱዳን የኖረች ሴት ስትመለስ ሰው የሚጠብቀው ወርቅና ሻንጣ ነው።

አንድ ቀን ዘሀቢያ ተቆጣችኝ። «እናትሽ የምትጠብቀው አንቺን ነው ወይስ ሻንጣ?»

«ሰው ያያል እኮ» አልኳት።

«እንግዲያው የሚያየው እንስጠው። ወላሂ፣ ይህን አመድ ለብሰሽ ከቤቴ አትወጪም!»

አንቺ ልብስ ሰፊ ስለሆንሽ አካሄዱን ልንገርሽ። መጀመሪያ አረንጓዴ የልብስ ቀለም በጨው አፍልተን ቀሚሱን ነከርነው። ሲወጣ አንዱ ቦታ ጠቁሮ፣ ሌላው ነጥቶ ቀረ። ዘሀቢያ አይታ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ «የክረምት ሜዳ መሰልሽ፤ እዚህ ሣር፣ እዚያ ጭቃ!» ከዚያ ሴቶቹ ከሚጠቀለሉበት ከሱዳን ቶብ ተቆርጦ የሚተርፈውን፣ ማንም የማይገዛውን ቁርጥራጭ ከጆንያ ዘረገፈችው። ከቢጫው ለታችኛው ዘርፍና ለእጅጌው ጥለት አወጣን፤ የነጣው ሁሉ ከሥሩ ተደበቀ። ከቀዩ ሻሽ ሆነልኝ። የተረፈውን ጠቅልላ በእጄ አስያዘችኝ። መስተዋት ፊት ስቆም ያየኋትን ሴት ከረሳኋት ቆይቼ ነበር።

በጭነት መኪና ተሳፍሬ መጣሁ። ማሽላው ሰው ያህላል፣ ሰሊጡ ይታጨዳል፣ ቆላው ሁሉ ለምልሟል። እኔም ያን ዕለት ከአገሩ ጋር ተመሳሰልኩ።

አያትሽ ከደጅ ተቀምጠው አደንጓሬ ይለቅማሉ። ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ለብሰዋል። ወንድሜን ደረበን ቀብረውታል አልኩ በልቤ።

ቀና ብለው አዩኝና «እንግዳ፣ ከፀሐይ ግቡ» አሉኝ። አላወቁኝም።

«ማን ሞቶብዎት ነው?» አልኩ።

«ልጄ ናት። አገኘሽ። ካርቱም ላይ።»

መቅዲ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ? ቆሜ የራሴን መርዶ ሰማሁ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ አገኘሽ ነኝ» ስል ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ። ተነሥተው ፊቴን ዳሰሱ፣ አንገቴን ዳሰሱ፣ ጎንበስ ብለው የቀሚሴን ጥለት ጨበጡ። «የሞተ ሰው እንዲህ አይደምቅም» አሉ። ከዚያ ሁለታችንም ጮኸን አለቀስን፤ ጎረቤቱ ሌላ ሰው የሞተ መስሎት እየሮጠ መጣ፤ ደረበም አብሮ።

ለካ በግንቦት ከካርቱም የመጣ አንድ ሰው፣ ሻይ የምሸጥበት መንገድ ላይ ከባድ መሣሪያ ወድቆ አንድም የተረፈ የለም ብሏቸዋል። ለቅሶ ተቀመጡልኝ፤ ተዝካሬን አወጡ። «ከእንግዲህ ቀለም ለምኔ?» ብለው ልብሳቸውን ሁሉ ለነዳያን ሰጥተዋል። ጥቁሩን እንዲያወልቁ ብለምናቸው የሚቀይሩት አልነበራቸውም።

ሻሼን አውልቄ ለሁለት ቆረጥኩት። ግማሹን ራሳቸው ላይ አሰርኩላቸው። ጎረቤታችን ሰርካለም ያረጀ ነጭ ቀሚስ አመጣች፤ ዘሀቢያ ከሰጠችኝ ቁርጥራጭ ሰማያዊና ብርቱካናማ ጥለት አዙሬ ሰፋሁበት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። አሁን የሰፈሩ ሴት አሮጌ ቀሚሷን ይዛ «ለእኔም አድምቂልኝ» እያለች ትመጣለች። እንጀራዬ በዚህ ወጣልኝ፤ ስለ እኔ አታስቢ።

ስለ አባትሽ እስካሁን ዝም አልኩሽ። ወንድማገኝ መኪና ፈልጌ እመለሳለሁ ብሎ ከቤት እንደ ወጣ አልተመለሰም። ጠበቅሁት፤ ጎረቤቶች እየጎተቱ ነው ያወጡኝ። መተማ ላይ አንድ ሰው አግኝቶኝ አንድ ነገር ነግሮኛል። እሱን አልጽፍልሽም። ለአያትሽም የእኔን ሞት የነገራቸው አንድ ሰው ነበር።

እዚህ «ጥቁር ልበሺ እንጂ፣ ነውር ነው» የሚሉኝ አሉ። አለብስም። አንቺም በሰው አገር ጥቁር እንዳትገዢ፤ አደራ።

አያትሽ አጠገቤ ሆነው «ለእናትሽ ያለ ነገሩ ያፈሰስኩት እንባ ለአንቺ ዕድሜ ይሁንልሽ» ይሉሻል። እኔም አሜን እላለሁ። ያስጠጋሽ ሰው ሁሉ ቤቱ ይሙላለት፤ መርፌሽ አይሰበር፤ ዓይንሽን በዓይኔ ያሳየኝ።

እናትሽ
አገኘሽ