የእናትሽ ሁለት ጾም

እንጅባራ
መጋቢት ፲፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፣ ለሸጋዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ባልሽ ስማቸውስ እንዴት ነው? ሆድሽ ውስጥ ሆኖ እየተራገጠ እንቅልፍ የሚነሳሽ ሰውስ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብሆንም ስሞታ አለኝ፤ ስሞታዬም በላክሽው ሚዛን ላይ ነው።

ሹፌሩ እንየው በሚኒባሱ ጭኖ ያመጣው ቀን ካርቶኑን አይቼ ብስኩት መስሎኝ ነበር። ብከፍተው መርፌ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ሆኖ ተገኘ። እናትሽ በየሳምንቱ ትመዘንበት ብለሽ የላክሽው ነው አሉኝ። ይሁን አልኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ቤቴ የእኔ መሆኑ ቀርቷል። ሰፈሩ በሙሉ እየመጣ ይመዘናል። ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤታችን ባምላክ ለፋሲካ የሚሸጠውን በግ ታቅፎ ገባ።

«አያ ክንዴ፣ መጀመሪያ እኔን ከነበጉ መዝነኝ፤ ቀጥሎ ያለ በጉ መዝነኝ» አለኝ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንተ መጽሐፍ የምታነብ ሰው ነህ፣ ቀንሰህ ንገረኝ።»

በጉ ግን እስክንቀንስ አልታገሠም፤ ሚዛኑ ላይ የሚተወውን ትቶ ወረደ። ይባስ ብሎ፣ ለሚዛኑ ቦታ ይለቀቅ ተብሎ፣ በእጄ የሠራሁት የቀርከሃ በርጩማ ከበሩ ጎን ተነሥቶ ጓዳ ገብቷል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እንዲቀመጥ ቀርከሃ ስፈልጥ ኖሬ፣ ዛሬ እንግዳ ቤቴ መጥቶ አይቀመጥም፤ ቆሞ ተመዝኖ ይሄዳል።

ስሞታዬ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ብዘጋው በወደድኩ። ነገር ግን ልቤ አልረጋ ብሎኛል። ድንች ጥጄ ነው የምጽፍልሽ፤ በየመሐሉ እየተነሣሁ በመስኮት መንገዱን አያለሁ። እናትሽ ቅዳሴ ናት። እሷ ሳትመጣ ይህን ወረቀት አጥፌ ኪሴ መክተት አለብኝ። እንየውም መንገዱ ካልተዘጋ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ባሕር ዳር ይነሣል፤ ለእሱ ነው የምሰጠው።

ለምን አልደወልክም ትዪኝ ይሆናል። ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን እንደሚጠፋ ታውቂያለሽ። ሲመጣም አልችልም፤ እናትሽ በጊዮርጊስ አስምላኛለች። «ለሸጋ በስልክ አንዲት ቃል ብትተነፍስ እህትህ አይደለሁም» አለችኝ። እኔም ማልኩ። መሐላዬን እንደማከብር ታውቂያለሽ፤ በስልክ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ስለ ወረቀት ያነሣ ሰው ግን የለም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። በጥምቀት ሰሞን እናትሽን ምን እንዳልሻት ታስታውሻለሽ። «እማ፣ ካርቦሃይድሬት የሚባለውን ተዪ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ቆሎ፣ በቃ። እንቁላል ብዪ፣ ሥጋ ብዪ፣ አይብ በጎመን ብዪ።» እኔ አጠገቧ ሆኜ ስሰማ ስቄያለሁ። እህቴ እናትነሽ ድንች ትተዋለች ብሎ ማን ያምናል? አባትሽ ካረፈ ወዲህ ከእኔ ጋር ስትኖር፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰፌድ የተቀቀለ ድንች ከደቁስ ጋር በመካከላችን ካልተቀመጠ ቀኑ አይጀመርም ነበር። ሰፌዱ ላይ ማን ብዙ እንደበላ አልነግርሽም፤ ሁለታችንም ወገብ የለንም።

እሷ ግን ቆረጠች። እውነቱን ልናገር፣ ሠራላት። ቀሚሷ ሰፋ። ጉልበቷ ቀለለላት። አንድ ቀን ያለ እኔ እጅ ከበርጩማው ብድግ አለችና ሁለታችንም ተያየን። ስለዚህ ተሳስተሻል ልልሽ አይደለም የምጽፈው። ሰው ሲከብድ መቅለል አለበት፤ ስኳሯም ከፍ ማለት ጀምሮ እንደነበር ሐኪሙ ነግሮሻል።

ከዚያ ጾም ገባ።

እንግዲህ አስቢው። እንቁላሉን፣ ሥጋውን፣ አይቡን ጾሙ ከለከላት። እንጀራውን፣ ዳቦውን፣ ድንቹን አንቺ ከለከልሻት። እሷ ደግሞ የማንንም ትእዛዝ አትጥስም። ሁለቱን ባንድ ላይ ያዘችና በመካከል የተረፈው ጎመንና ውኃ ሆነ።

«እታለም፣ ሽሮ እንኳ ቅመሺ እንጂ» አልኳት የመጀመሪያው ሳምንት ላይ።

«ሽሮ ካርቦ አለበት። ሸጋ በቪዲዮ ልካልኛለች።»

«ምስርስ?»

«አለበት።»

«ባቄላ?»

«እሱም አለበት።»

«ታዲያ የሌለበት ምንድን ነው?»

«ጎመን። ጨውም የለበትም መሰለኝ» አለችኝ።

ከጠዋት እስከ ማታ ስንከራከር ከረምን። ይህ አገር ገብስ እየበላ ነው ዳገት የሚያርሰው አልኳት። «አንተ ታርሳለህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔ ቁጭ ብዬ ቀርከሃ እፈልጣለሁ። ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ ስለ ራሴ ሆድ የምጠይቅ መስዬ ነርሷን አማከርኳት። ሆዴን አየችና አልተጠራጠረችም። «አይቋረጥም አባባ፣ ይቀነሳል» አለችኝ። ሁለት እንጀራ የለመደ አንድ ይብላ፣ ግማሹን ሳህን ጎመን ይሙላበት፣ ዳቦው የገብስ ቢሆን ይሻላል፣ በጾም ደግሞ ሽሮና ምስር ከሌለ ሰውነት በምን ይቆማል አለች። እየሮጥኩ መጥቼ ለእናትሽ ነገርኳት።

«ነርሷ ልጄ ናት?» አለችኝ።

ስለዚህ ወደማውቀው ሥራ ገባሁ። ድንች ቀቅዬ፣ ጥሩ አድርጌ ደፍጥጬ፣ ጎመኑ ውስጥ አጠፋሁት። በላች። «ዛሬ ጎመኑ ጣፍጦልሃል» አለችኝ። ጥቂት ቀን እንዲህ ሄድን፤ ፊቷም መለስ አለ። ከዚያ እሑድ ሚዛኑ ላይ ወጣች፤ ሚዛኑ አሳበቀብኝ። መርፌውን አየች፣ ወርዳ እኔን አየች፣ ድስቱን አየች። ከዚያ በአገውኛ ተናገረችኝ። በጣም ስትቆጣ ወደ አገውኛ እንደምትገባ ታውቂያለሽ፤ ያለችውን ልጽፍልሽ አልችልም፣ ለነፍሰ ጡር አይነበብም። ከዚያ ወዲህ ጎመኗን ራሷ ትቀቅላለች፤ እኔ ወደ ድስቱ ከቀረብኩ ጭልፋውን ይዛ ትቆማለች።

አንዴ ተነሥቼ መንገዱን አየሁ። ገና አልወጡም። ድንቹም ገና ነው።

አሁን የማልኩበትን ልንገርሽ። ጉልበቷ ሲቀልላት፣ ስንት ዓመት የተወችውን ስግደት ጀምራ ነበር። ደስታዋን ብታዪ! እንደ ልጅ ነበር የምትቆጥረው። ባለፈው ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ሰገደች፤ ግንባሯን መሬት አስነካች፤ ከዚያ ቀና አላለችም። አጠገቧ ያሉት ሴቶች «እንዴት ያለ ጸሎት ነው፣ እንዴት ያለ ተመስጦ ነው» እያሉ እንዳይረብሿት በጎኗ እየዞሩ ሰገዱ። አንዷማ የራሷን ልመና አብራ እንድታደርስላት በጆሮዋ ነግራታለች አሉ። የንስሐ አባቷ አባ ገብረ ማርያም ናቸው የነጠላው ጫፍ እንደማይንቀሳቀስ ያዩት። ውኃ ረጭተው አነቋት።

እኔን ጠርተው ስደርስ ዋርካው ሥር ተቀምጣለች። ፊቷ አመድ ሆኗል። መጀመሪያ የተናገረችው «ለሸጋ እንዳትነግራት» የሚል ነው። እዚያው አስማለችኝ።

አባ ገብረ ማርያም «እናትነሽ፣ ታመሻል። ጾሙን ፈትቼልሻለሁ፤ እንቁላል ብዪ፣ ወተት ጠጪ፣ በእኔ ይሁን» አሏት። እጃቸውን ስማ «አባ፣ ይህን ጾም ለሸጋ ምጥ ነው የያዝኩት። ማርያም በሰላም እስክትገላግልልኝ አልፈታም» አለች።

ያኔ ነው ሁለቱም ያንቺ መሆናቸው የገባኝ። ጾሙ ለምጥሽ ነው። እንጀራውን መተዋ ደግሞ ለደረጃሽ ነው። አምና ባሕር ዳር ልትጠይቅሽ ስትመጣ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቷ እምቢ ብሎ ጎረቤት ወንበር አውጥቶ አስቀመጣት። አንቺም ከአራተኛው ፎቅ ወርደሽ «እማ፣ እንዲህ ሆነሽ ስወልድ እንዴት ልትደርሺልኝ ነው?» ብለሽ ሳቅሽ። እንደ ቀልድ ነው፤ አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን ከዚያ የባሰ እቀልድ ነበር። እሷም አብራሽ ስቃለች። ግን እዚያ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ናት፤ እስከ ዛሬ አልተነሣችም። ጾሙ ሳይገባ ከተማ ወዳለው ሆቴል እየሄደች ደረጃ ትለማመድ ነበር። ዘበኛው «ማንን ፈልገው ነው እማማ?» ሲላት «አራተኛ ፎቅን» ብላው ወጣች።

ሌላም ነገር ልጽፍ ነበር፤ ጽፌ ሰረዝኩት፤ አሁን እንደገና ልጻፈው። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። እናት አትወጣም፣ ልጅ ትመጣለች። እናትሽ ግን ነይልኝ ብላሽ አታውቅም። ሰው ቢጠይቃት «ዛሬማ ትልቅ ሐኪም ቤት አጠገብ ይሻላል» ትላለች። እንዲህ እያለች ባለፈው ወር የቀርከሃ አልጋ አሠራችኝ። «ለእንግዳ ነው» አለችኝ። አልጋውን ስጨርስ ደግሞ በጎኑ የሚቆም አንድ ትንሽ ነገር ሥራልኝ አለች፤ ርዝመቱን በክንዷ ለክታ አሳየችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ገብስም ቆልታ አስፈጭታለች፤ ለገንፎሽ። እሷ የማትቀምሰውን ዱቄት በየማለዳው ከፍታ ታሸትተዋለች። ትናንት «ክንዴ፣ ሸጋ ገንፎ እሺ ትል ይሆን? ካርቦ አለበት እኮ» አለችኝ።

ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ደውዪላት፤ እኔ እንደነገርኩሽ አትንገሪያት። «እማ፣ አንድ እንጀራ ብዪ፣ ሽሮ ብዪ፣ ጠዋት አንድ ድንች አይጎዳም፤ የተጣላሁት ከመብዛቱ ጋር ነው እንጂ ከእህሉ ጋር አይደለም» በያት። ነርሷ ብትል አልሰማችም፣ ቄሱ ቢሉ አልሰማችም፣ እኔማ ጭልፋ ተመዞብኛል። ያንቺን ክልከላ ያው ያንቺ አፍ ብቻ ነው የሚፈታው። ቶሎ ይሁን ሸጋዬ። ማታ ማታ በግድግዳው በኩል እስትንፋሷን ስሰማ አድራለሁ፤ ዝም ስትል ሆን ብዬ እስላለሁ፣ «ምን ሆነሃል?» እንድትለኝ። እስካሁን ብላኛለች።

ቆይ፤ በር ተንኳኳ። እናትሽ አይደለችም፤ እሷ አታንኳኳም፣ ከአጥሩ ጀምራ ነው የምትጣራው። ባምላክ ደግሞ በጉን ይዞ መጥቶ እንደሆነ ዛሬ እሱን ነው የምመዝነው።

ሸጋ፤ ስማቸው ነው። አቧራ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ምን ሆናችሁ አልኩት።

«ደህና ነን ጋሽ ክንዴ። የእማ ድምፅ አላማረኝም ብላ ሦስት ቀን ሙሉ አላስተኛችኝም። እዚሁ ነው የምወልደው ብላ ተነሣች። ባጃጁ ውስጥ ናት፤ እግሯ አብጦ መውረድ አቅቷታል። የምትረግጠው በርጩማ አለዎት?» አለኝና ወደ መንገዱ ተመለሰ።

በርጩማውን ላወጣ ጓዳ ገብቼ ነው ይህችን የምጽፈው። በመስኮቱ አያችኋለሁ። እናትሽ ከቅዳሴ እየመጣች ባጃጁ ጋ ደርሳለች፤ ነጠላዋ ወድቆ አላነሣችውም።

ድንቹ በስሏል። ሰፌዱን በመካከላችሁ አስቀምጠዋለሁ። አንዱን ላጪና በደቁስ አጥቅሰሽ በእጅሽ አጉርሻት፤ ምንም አትናገሪ። እሷ ከማንም እጅ እምቢ ትላለች፤ ካንቺ እጅ የመጣ ጉርሻ ግን አትመልስም።

ማርያም ከባጃጁም ከምጡም በሰላም ታውርድሽ። ይህን ወረቀት በእጅሽ ነው የምሰጥሽ፤ በስልክ እንዳልሆነ ምስክሬ ነሽ።

በርጩማውን ይዤ መጣሁ።

አጎትሽ ክንዴ