በበሩ ላስቲክ ላይ ያገኘሁት የጣት አሻራ

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃ ስትወጪ ዛሬም ይይዝሻል ወይስ ለቀቀሽ? ባልሽስ፣ ልጆችሽስ፣ እማዬስ ደህና ናችሁ ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። የፖስታው አፍ ተከፍቶ ከደረሰሽ ንገሪኝ፤ የዚህ ፖስታ ቤት ሰውዬ አስተያየቱ አላማረኝም።

መሳቅሽ አይቀርም። "ይችን ልጅ ጥርጣሬ ነው ጡት አጥብቶ ያሳደጋት" ትይ የለ! ሰሞኑን ግን ጥርጣሬዬ የሰው እንጀራ ሊዘጋ ነበርና ስሚኝ።

እንደምታውቂው ጋራዥ ውስጥ የእኔ ሥራ የመኪና በር ነው። የመስታወት ማንሻ ሲበላሽ በሩን ፈትቼ እጠግናለሁ። ከበሩ የውስጥ ልባስ ጀርባ ስስ ላስቲክ አለ። ዝናብ በመስታወቱ ጠርዝ ወደ በሩ ሆድ ይገባል፤ ላስቲኩ ወደ ተሳፋሪው እንዳያልፍ ይይዘውና ውሃው ከበሩ ግርጌ ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ጥገናው ሲያልቅ የተቀደደውን ጥዬ አዲስ እቆርጥና ዙሪያውን በጥቁር ማጣበቂያ እለጥፋለሁ።

ዝናቡ እንደገባ እኔ የሠራኋቸው ሦስት መኪኖች ወለላቸው ውሃ ቋጥሮ ተመለሱ። አለቃችን "እጅሽን ምን ነካው?" አለኝ። እኔ ደግሞ እጄን አምነዋለሁ። ዓይኔ ሄዶ ዝምታው ላይ አረፈ። ዝምታው የምንለው ቀለም ቀቢያችን ነው፤ በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ብዙ ነው። ዝም የሚል ሰው ሆዱ በምን ይታወቃል? አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ እኔ ጨርሼ የዘጋሁትን በር ልባሱን ፈትቶ እጁን ሲከት አገኘሁት። ሲያየኝ ክው አለ። እትዬ፣ "ጠርጥር" የሚለውን ተረት ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። በነጋታው ላስቲኬን የሚቀድደው እሱ ነው ብዬ ለአለቃው ተናገርኩ። ጠርቶ ሲጠይቀው ዝምታው አንዴ አየኝና "እሷ ካለች እንግዲህ" ብሎ ዕቃውን በካርቶን ሰብስቦ ወጣ።

ማስረጃዬን ላሳይ ከሦስቱ መኪኖች አንዱን ከፈትኩ። ላስቲኩ አንድም ቦታ አልተቀደደም። የታችኛው ጠርዙ ግን ወደ በሩ ሆድ መግባት ሲገባው ከበሩ ብረት ውጭ፣ በልባሱ በኩል ተለጥፏል፤ ውሃው ላስቲኩን ተከትሎ ወርዶ ቀጥታ ምንጣፉ ላይ! የለጠፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እየፈራሁ እሱ የነካካውን በር ከፈትኩ። እዚያኛው ላይ ጠርዙ በብረቱ ስንጥቅ በኩል ወደ ውስጥ ገብቷል። ዳር ዳሩን ግራጫ ስቱኮ የነካቸው የጣት አሻራዎች አሉበት። በጋራዡ ውስጥ ከቀለም በፊት የሚለሰነውን ስቱኮ የሚነካ ከዝምታው ሌላ የለም።

ያኔ ትዝ አለኝ። ባለፈው ወር "ታችኛውን ወደ ውስጥ አስገቢው" ብሎኝ ነበር። እኔም "አንተ ቀለምህን ቀባ" ብዬው ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የደረሰባቸውን በሮች በምሳ ሰዓቱ ሲያርምልኝ ከርሟል፤ የተመለሱት ያልደረሰባቸው ናቸው።

ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። አመሻሹ ላይ ቤቱ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ሚስቱ ከፈተችልኝ፤ ግቢ አላለችኝም። እሱ ከኋላዋ ቆሞ ሰማኝና "ነግሬሽ ነበር" ብቻ አለ። ሰኞ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አሁን ልባሱን ከመግጠሜ በፊት እጠራዋለሁ። ይመጣል፣ የታችኛውን ጠርዝ በጣቱ ይዳስሳል፣ ራሱን በእሺታ ነቅንቆ ይሄዳል። ይቅር ብሎኝ ይሁን፣ ለሥራው ብሎ ይሁን አላውቅም። መጠየቅ ደግሞ ፈራሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይህን ግን አታንብቢላት። ለባልሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ። ትልቁን ልጅሽን በርታ በይልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን ንከሽልኝ።

ታናሽ እህትሽ
ከጋራዡ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ዝናቡ በገባ በአምስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት